ደብተራቸውን አትንጠቁ

«ክርስቲያን ጭንቀቱን በጌታ ላይ ይጥላል እንጂ ደብተር ውስጥ አያስቀምጥም።» ይህን አባባል ከመድረክ ሰምቼዋለሁ፤ በወጣቶች ኅብረትም እየተደጋገመ መጥቷል። የሚነገረው ስለ አንድ ልማድ ነው። አንዳንድ ወጣቶቻችን ማታ ማታ ደብተር ይዘው ቁጭ ይላሉ፤ የዋሉበትን ስሜት በቀለም ይስላሉ፤ ከሥዕሉ አጠገብ ጥቂት መስመር ይጽፋሉ፤ አንዳንዴም ከጋዜጣ የተቀደደ ቁራጭ ይለጥፋሉ። እነሱ «ጆርናል» ይሉታል። እኔ ደብተር እለዋለሁ፤ ደብተር ነውና።

ተቃውሞው ከክፉ ልብ የመጣ አይመስለኝም። ስሕተት ግን ነው፤ ጉዳትም አለው። የሚጎዱት ደግሞ መድረክ ላይ ወጥተው መልስ መስጠት የማይችሉት ናቸው።

እስቲ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በር ላይ የምንለዋወጠውን ሰላምታ አድምጡት። «እንዴት ነህ?» «ጌታ ይመስገን፣ ተባርኬያለሁ!» ሥራ ካጣ ስምንት ወር የሞላውም፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ያልመጣላትም፣ እናቱ የኩላሊት እጥበት ላይ ያሉበትም መልሳቸው አንድ ነው። ምስጋናው ሐሰት ነው አልልም፤ በመከራ ውስጥ ማመስገን የእምነታችን ክብር ነው። ነገር ግን ከምስጋናው ቀጥሎ ሌላ ዓረፍተ ነገር እንዳይመጣ በሩን ዘግተነዋል። «ከፍቶኛል» ያለች እህት ወዲያው «አፍሽን ጠብቂ፣ አሉታዊ ነገር አታውሪ» ትባላለች። በምሳሌ 18 ስለ ምላስ የተጻፈው ከቦታው ተነቅሎ የለቅሶ መከልከያ ሆኗል።

ይህ ጠባይ ከመጽሐፍ ቅዱስ አልመጣም፤ ከሰፈራችን ነው የመጣው። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ያሳደገን ባህል ነው። ወንድ ልጅ አያለቅስም፣ ገመና አይገለጥም፣ የቤት ጉድ ለጎረቤት አይወራም። እኛ ላዩ ላይ «አሜን» ጨምረንበት መንፈሳዊ አስመሰልነው። እነዚያው አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ማለታቸውንም እናውቃለን፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዘነው የገባነው ግን የመጀመሪያውን ነው።

«ለጌታ ንገረው እንጂ ለወረቀት አትንገር» ለሚሉ ወገኖች አንድ ጥያቄ አለኝ። መዝሙረኞቹ የነገሩት ለማን ነበር? ለጌታ ነገሩ፤ ነገሩም ተጻፈ። ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም። ከ150ዎቹ መዝሙራት ሲሶ ያህሉ አቤቱታና ልቅሶ ናቸው። መዝሙር 13 በጩኸት ይጀምርና በ6 ቁጥር ውስጥ ዝማሬ ላይ ይደርሳል፤ ለስብከት ይመቻል፣ እኛም እንወደዋለን። መዝሙር 88 ግን ዝማሬ ላይ አይደርስም። የቆሬ ልጆች መዝሙር ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጮኻል፤ ሲያበቃም የሚቀረው ጨለማ ነው። ማንም መጥቶ መጨረሻው ላይ «ሃሌ ሉያ» አልጨመረበትም። እንዲያው ለነገሩ ይህን መዝሙር በአምልኮ መክፈቻ ላይ ሲነበብ የሰማችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ?

የሰቆቃወ ኤርምያስ ነገር ደግሞ ከዚህም ይገርማል። ኢየሩሳሌም ከፈረሰች በኋላ የተጻፈ የ5 ምዕራፍ ልቅሶ ነው። በዕብራይስጡ ከ1ኛው እስከ 4ኛው ምዕራፍ በፊደል ተራ የተገጠመ ነው። ዕብራይስጥ 22 ፊደል ስላለው 1ኛው፣ 2ኛውና 4ኛው ምዕራፍ 22 ቁጥር አላቸው፤ 3ኛው ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ሦስት ቁጥር ሰጥቶ 66 ሆኗል። እስቲ አስቡት፤ ከተማው ተቃጥሏል፣ ሕፃናት በረሃብ በየጎዳናው ወድቀዋል፣ አንድ ሰው ግን ቁጭ ብሎ ከአሌፍ እስከ ታው ፊደል እየቆጠረ ኀዘኑን ቅርጽ ያስይዛል። በእኛ ቢሆን ከ«ሀ» ተነሥቶ እስከ «ፐ» እያለቀሱ እንደ መሄድ ነው። ለምን እንዲህ ደከመ? እኔ የሚመስለኝ፣ ቅርጽ የሌለው ኀዘን ማለቂያ ስለሌለው ነው። ፊደል ግን ያልቃል፤ ገጽም ያልቃል። ማታ ደብተሯ ላይ ጥቁርና ቀይ ቀለም የምታዳርሰው ልጅ የምታደርገው ይህንኑ ነው። ወሰን ያጣውን ነገር በአንድ ገጽ አራት ማዕዘን ውስጥ ታስገባዋለች።

አያቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። ሙሾ ዝም ብሎ ጩኸት አይደለም፤ ቤት ይመታል፣ አውጪ አለው፣ ተቀባይ አለው። እኛ ጴንጤዎች ሙሾውን ትተን በለቅሶ ቤት የተስፋ መዝሙር አስገባን። መልካም አደረግን። ግን የተስፋው መዝሙር ከመጀመሩ በፊት ሰው የሚያለቅስበትን ቦታ አብረን ጠረግነው። ለዓመታት የምንወዳቸው ዝማሬዎች እንኳ ከየት እንደመጡ እንረሳለን። ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ስለ እምነታቸው ለዓመታት የታሰሩ ሰው ናቸው። መዝሙሮቻቸው ዛሬም የሚያስለቅሱን መከራውን ዘልለው ስላላለፉት ነው።

«ጽሑፉስ ይሁን፣ ሥዕሉ ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። እኛ ወንጌላውያን ከሥዕል ጋር የቆየ ጥርጣሬ አለን። የብዙዎቻችን ወላጆች ወደዚህ እምነት የመጡት ሥዕል ከተሰቀለበት ቤት ነው፤ ግድግዳቸውን ባዶ ሲያደርጉም ምክንያት ነበራቸው። አልነቅፋቸውም። ይሁን እንጂ ምስል አታድርግ የሚለው ትእዛዝ ያለበት ያው ኦሪት ዘጸአት፣ 11 ምዕራፍ ዝቅ ብሎ ስለ ባስልኤል ይናገራል። እግዚአብሔር በስሙ ጠርቶ በመንፈሱ የሞላው ይህ ሰው ወርቅ የሚሠራ፣ ድንጋይ የሚቀርጽ፣ እንጨት የሚጠርብ የእጅ ባለሙያ ነበር። ሕዝቅኤል 4ን ደግሞ ክፈቱ። እግዚአብሔር ነቢዩን ጡብ ወስዶ የኢየሩሳሌምን ከተማ እንዲስልባት ያዘዋል፤ ያውም ተከብባ። ሕዝቅኤል በምርኮ አገር ያለ ሰው ነው። ሳል የተባለው አበባ አይደለም፤ ልቡን የሚሰብረውን ነገር ነው።

ሥዕል ጣዖት ሊሆን አይችልም ወይ? ይችላል። ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለው የናስ እባብ በሕዝቅያስ ዘመን ዕጣን ይታጠንለት ነበር፤ ንጉሡም ሰባበረው። የሰበረው ግን የሚታጠንለትን ነው። የጫማ ካርቶን ውስጥ ተደብቆ የሚያድር፣ የቡና አተላ የፈሰሰበት የተማሪ ደብተር ፊት ማን ይሰግዳል?

«የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለውን ብዙ አልከራከርበትም። ጊታሩም ኪቦርዱም ከየት እንደመጡ እናውቃለን። ፈረንጆቹ ያገኙትን ግን ማወቅ አይጎዳም። በ1986 እ.ኤ.አ. ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 46 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በቡድን ከፍለው፣ ለ4 ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ እንዲጽፉ አደረጉ። አንዳንዶቹ የጻፉት ስለ ተራ ነገር ነው፤ ሌሎቹ ስለ ሕይወታቸው ከባድ ገጠመኝ። ስለ ከባዱ ነገር የጻፉት ጽፈው ሲነሡ የባሰ ከፋቸው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ግን ገጠመኙንም ስሜታቸውንም አብረው የጻፉት ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ የሄዱበት ጊዜ ከሌሎቹ ያነሰ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በጉዳዩ ላይ ብዙ ጥናት ተሠርቷል፤ ጥቅሙ በአማካይ ሲታይ ትንሽ ነው፣ ግን አለ። ስለ ሥዕልም በ2016 እ.ኤ.አ. ከድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት አለ። 39 ጎልማሶች ለ45 ደቂቃ በቀለም፣ በሸክላ ጭቃና በወረቀት ቁራጭ የፈለጉትን ሠሩ። በጭንቀት ጊዜ ሰውነታችን የሚያመነጨው ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ከ4ቱ በ3ቱ ላይ ቀነሰ። ሥዕል የሚችልና የማይችል አልተለያየም። በቀሩት ላይ አልቀነሰም፤ ከማይሥሉ ሰዎች ጋርም አልተነጻጸረም። ስለዚህ «ተአምር ነው» ብሎ የሚያወራላችሁን አትመኑ። «ከንቱ ነው» የሚለውንም አትመኑ።

አሁን ከሁሉ ጠንካራ ወደሆነው ተቃውሞ ልምጣ። አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ እንዲህ ብለውኛል፦ «ልጄ፣ እነዚህ ልጆች እኮ ቁስላቸውን ሲያኩ ነው የሚያድሩት። ያከኩት ቁስል መቼ ይድናል?» እውነት አላቸው። ያንኑ ኀዘን በየማታው እያወጡ መልሶ ማመላለስ ጸሎትም አይደለም፣ ፈውስም አይደለም። ደብተር የራስ መስተዋት ብቻ ሆኖ የቀረባቸው ልጆች አይቻለሁ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ገጽ ነው የሚሥሉት። ግን የሽማግሌው ጥያቄ ስለ አሠራሩ ነው፤ ለዚያም መልስ አለ። የመዝሙር 42 ባለቤት ነፍሱን ሲያነጋግራት ዝም ብሎ አይሰማትም፤ ይጠይቃታል፣ ይከራከራታል፣ ወደ ሌላ ፊቷን እንድታዞር ያዛታል። ደብተሩም እንዲሁ ነው፤ ከስሜቱ በተጨማሪ ጥያቄ ይኑርበት። ደግሞስ ደብተር የሌለው ሰው ቁስሉን አያክም ያለው ማን ነው? ሌሊቱን ሙሉ ጣራ ሲያይ የሚያድረው ምን እያደረገ ይመስላችኋል? እሱ እንኳ የሚዘጋው ገጽ የለውም።

እንግዲህ መጀመር ለምትፈልጉ ወንድሞችና እህቶች።

ባለ 50 ሉክ የተማሪ ደብተር ይበቃል። እርሳስና ቢክ ካለ በቂ ነው፤ ቀለም ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁ የቀዘቀዘ ከሰል ጥቁር ይሰጣል፣ የቡና አተላ ቡናማ ይሰጣል። አተላው ሲደርቅ ገጹን ያኮማትረዋል፤ ይኮማተር። ከላይ ቀኑን ጻፉ። ከዚያ ከቃል በፊት ቀለም ይቅደም። የዛሬው ቀን ክብደት ካለው የቱ ጋ ነው የከበደው? ደረት ላይ? ትከሻ ላይ? የሰው ቅርጽ በሁለት መስመር ሥሉና እዚያ ቦታ ላይ ቀለሙን አድርጉ። ከመሳል መቅደድ የሚቀላችሁ ከሆነ የድሮ ጋዜጣ ቀዳችሁ በኮላ ለጥፉ። ከዚያ አጠገቡ ሦስት ነገር ጻፉ፤ ምን ሆነ፣ ምን ተሰማኝ፣ ጌታን ምን ልጠይቀው። «ምን ልጠይቀው» የሚለው ቦታ አንዳንድ ቀን ባዶ ይሆናል። ባዶውን ተዉት። ሮሜ 8 መንፈስ በቃላት በማይነገር መቃተት እንደሚማልድልን ይናገራልና ባዶ መስመር አያስደንግጣችሁ። ሁሉን ገጽ በ«ግን ጌታ መልካም ነው» መዝጋት ግዴታችሁ አይደለም። ስታምኑት ጻፉት፤ ለማስመሰል ግን አትጻፉት፤ የሚያነበው እርሱ ብቻ ነውና።

15 ደቂቃ ሲሞላ ዝጉት። ይህ ለሽማግሌው ስጋት ዋናው መልስ ነው። ተዘግቶ ይቀመጣል፤ እራት ይበላል፣ ዕቃ ይታጠባል፣ ይተኛል። ያንኑ ገጽ ሳምንት ሙሉ እየደጋገማችሁት እንደሆነ ካያችሁ ነገሩ ከደብተር በላይ ሆኗል ማለት ነው፤ ወደምታምኑት ሰው ውሰዱት።

አንድ ነገር ደግሞ ከእናንተ ከወጣቶቹ ጋር አለኝ። በቲክቶክ የምታዩት ደብተር፣ በሚያብረቀርቅ ስቲከርና በተመረጠ ብዕር የተዋበው፣ ዳርና ዳሩ በወርቅ ቀለም የተሰመረው፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። ለተመልካች ነው የተሠራው። ለተመልካች የተሠራ ኀዘን ደግሞ ያው የእሑዱ «ተባርኬያለሁ» ነው፤ ልብሱን ብቻ ነው የለወጠው። ፎቶ አንሥታችሁ ቴሌግራም ላይ ልትለቁት ያሰባችሁትን ገጽ ከመጀመሪያውም በእውነት አትሥሉትም፤ እጃችሁ ይጠነቀቃል። ደብተራችሁ አስቀያሚ ይሁን።

ለመሪዎች የምለው ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። ስም አልጠራም፤ በአንድ ኅብረት የ17 ዓመት ልጅ ደብተሯን ወንበር ላይ ረሳችው። አንድ አገልጋይ ከፈተው፣ አነበበው፣ ለሌሎችም አሳየ። ገጹ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ተስሏል፤ ታች አንዲት ትንሽ ሰው አለች። «የጨለማ መንፈስ ነው» ተባለና ልጅቱ በሰው ፊት ተጠርታ ተጸለየላት። ከዚያ በኋላ ለወራት አልመጣችም። መዝሙር 88ን አንድ ጊዜ ያነበበ ሰው ጉድጓድ ሲያይ እንዲህ ባልደነገጠ ነበር። ኤርምያስ ራሱ በገመድ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ጭቃ ውስጥ ሰጥሟል። ልጅቱ የሣለችው ያለችበትን ነው። ልትጠየቅ የሚገባት ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ ያለሽው?»

ሳይፈቀድ የሌላውን ደብተር መክፈት ለመንፈሳዊ ቁጥጥር ተብሎ የሚፈቀድ ነገር አይደለም። ነጥቆ መቅደድማ አርአያው ማን እንደሆነ በኤርምያስ 36 ተጽፏል። ንጉሥ ኢዮአቄም በክረምት ቤቱ እሳት ፊት ተቀምጦ ነበር። ባሮክ ከኤርምያስ አፍ እየሰማ የጻፈው ክርታስ ሲነበብለት፣ ሦስት አራት ዓምድ በተነበበ ቁጥር በጸሐፊ ቢላ እየቆረጠ እሳት ውስጥ ጣለው። አታቃጥል ብለው የለመኑት ሰዎች ነበሩ፤ አልሰማቸውም። ክርታሱ ሁሉ ተቃጠለ። ቃሉ ግን አልጠፋም፤ ኤርምያስ ሌላ ክርታስ ለባሮክ ሰጠውና የተቃጠለው ሁሉ እንደገና ተጻፈ፤ ብዙም ተጨመረበት። ደብተራችሁ የተነጠቀባችሁ ልጆች ይህን ምዕራፍ አንብቡት።

መሪዎች ሆይ፣ ልጅ ራሷ ፈቅዳ ገጽ ብታሳያችሁ ትርጉም አትስጡ። «ይሄ ቀለም ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁና ጠብቁ፤ ዝምታው ቢረዝምም ጠብቁ። ጥቅስ ለመስጠት አትቸኩሉ፤ የኢዮብ ወዳጆች ደህና የሠሩት አፋቸውን ሳይከፍቱ በተቀመጡት በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ነው።

ደብተር ሐኪም አይደለም፤ መሪም ሐኪም አይደለም። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት የራቀው፣ የሚወደው ነገር ሁሉ የጠፋበት ወንድም ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ሕመም ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ይህ የእምነት ጉድለት አይደለም፣ ሕክምናም አለው። «አማኑኤል መሄድ» የሚለውን ቃል የስድብ ማድረጋችንን እንተው፤ ስኳርና ደም ግፊት ያለበትን ሰው ሐኪም ቤት የምንሸኝ ሰዎች ነን። ገጹ ላይ ስለ ሞት፣ መኖር ስላለመፈለግ የተጻፈ ነገር ካያችሁ ግን የጸሎት ፕሮግራም እስኪደርስ አትጠብቁ። ያንኑ ቀን ብቻዋን አትተዉአት፤ ከቤተሰቧ የምታምነውን ሰው ጥሩ፣ አብራችኋት ወደ ሕክምና ሂዱ፤ በመንገድም ጸልዩላት። ደብተሩን ግን ከእጇ አትውሰዱ። ሐኪሙ «ምን ይሰማሻል?» ሲላት አንደበቷ ቢያያዝባት ከፍታ ታሳየዋለች።